ብል፣ ሱፍና ላብ

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ከካፖርቱ እጥፋት ብድግ ብሎ የሚበረውን፣ የገለባ ቀለም ያለውን ትንሽ ነፍሳት በሁለት መዳፍ መሐል ጨፍልቆ መጣል ደስ ይላል። ልብስ የበላው ሌባ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ይመስላል። ያ የተጨፈለቀው ፍጥረት ግን ክንፍ ካወጣ ወዲህ አንዲት ክር አልበላም፤ ሊበላም አይችልም። አፉ ለመብላት የሚሆን አይደለም። ክንፍ ካወጣበት ቀን ጀምሮ እስኪሞት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ምንም ሳይቀምስ፣ በልጅነቱ ባጠራቀመው ስንቅ ብቻ ይኖራል። በዚያ ላይ በአየር ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። ሴቷ ሆዷ በእንቁላል ስለሚከብድ መብረር አትወድም፤ እየሮጠችና እየዘለለች ወደ ጨለማው ትገባለች። ጭብጨባው ወንዱን ሲገድል እሷ ምናልባት ከኮሌታው ሥር እንቁላሏን እየጣለች ይሆናል።

ብልን የምንዋጋበት መንገድ አብዛኛው በሚበረው ላይ ያነጣጠረ ነው፤ ጭስ፣ ሽታ፣ ናፍታሊን፣ ፍሊት። የሚበላው ግን ሌላ ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላና ያን ለምን እንደሚመርጥ ካወቁ የሚያደርጉት ነገር ይለወጣል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

በቅድሚያ ንጹሓኑን እናሰናብት። ማታ አምፖል የሚዞሩት የእሳት እራቶች ከልብስ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ብል ብርሃን ሲያይ ይሸሻል፤ መብራት ከበው ከሚጨፍሩት መሐል አያገኙትም። ዱቄትና ጥራጥሬ ከተቀመጠበት ጓዳ የሚወጣው፣ የክንፉ ግማሽ ፈዘዝ ያለና ግማሹ ወደ መዳብ የሚወስደው ደግሞ እህል በሊታ ነው፤ ሱፍ አይነካም። የልብስ ብል ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ክንፉ ነጠብጣብ የለውም፤ የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ነው፤ አናቱ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ የፀጉር ቁንጮ አለው። ሳይንቲስቶች ቲኔኦላ ቢሴሊዬላ ይሉታል። ቲኔያ ፔሊዮኔላ የተባለ የቅርብ ዘመድም አለው፤ እሱ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ክንፉ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ ልጁ የሚሠራው ሥራ ሊታለፍ አይገባም።

በላተኛው ልጅ

አንዲት ሴት ብል ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፤ አንዳንዷ ከ100 ታልፋለች። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በባዶ ዓይን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ከክሩ ጋር ሙጫ በሚመስል ፈሳሽ ስለምታጣብቀውም ልብሱን በማራገፍ ብቻ አይወድቅም። በሞቃት ቤት ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የሚወጣው እጭ ነጭ ትል ሲሆን ራሱ ብቻ ቡናማ ነው። ሲያድግ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ትንሽ ይበልጣል።

ቀዳዳውን ሁሉ የሚሠራው ይህ ትል ነው። ጥፋቱን የሚያከፋው ደግሞ የዕድሜው አለመወሰን ነው። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በ35 ቀን ገደማ አድጎ ይጨርሳል። ካልተመቸው ግን አይሞትም፤ እድገቱን እያዘገመ እስከ 2 ዓመት ተኩል በትልነቱ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆዳውን እየገፈፈ ይቀይራል፤ ቢያንስ 5 ጊዜ፣ ኑሮ ከጠመመበት እስከ 45 ጊዜ። ከዚያ ራሱን በድር ጠቅልሎ ፑፓ በሚባለው ደረጃ ያርፋል። በሙቀት ወራት ከሳምንት ጥቂት ቢያልፍ፣ በብርድ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆይና ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

ለእጩ የሚስማማው 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀትና ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ የአየር እርጥበት ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር የሚኖር ሰው አገሩ ደጋ ስለሆነ ይጽናና ይሆናል። ብርዱ እድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ብልን በብርድ ለመግደል በረዶ ቤት ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ ለቀናት የማይላላ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፤ የእኛ ደጋ ያን አይሰጥም። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ይጨምራል፤ ሣጥንም እንደተዘጋ ይከርማል። ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን ሌላ ችግር አለባቸው። ውጭው ቢበርድም ቤታቸው ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፤ ስለዚህ ለብሉ ክረምት የሚባል ነገር የለም።

ይህ ነፍሳት ከየት እንደመጣ የሚነገረው ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1758 እንስሳትን በዘር በዘራቸው ሲሰይም ቡናማውን ዘመድ፣ ቲኔያ ፔሊዮኔላን፣ አካትቶታል። ወርቃማው ግን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ1823፣ ሁመል ከተባለ ተመራማሪ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ቁም ሳጥኖች ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ነፍሳት ያን ያህል ዘመን ስም ሳይሰጠው መቆየቱ ያስገርማል። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን ገምተዋል፤ ወርቃማው ብል ወደ አውሮፓ የገባው ምናልባት ከአፍሪካ፣ ያም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቀደም ሳይል ነው ይላሉ። ግምቱ ልክ ከሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እና በኢሳይያስ ምዕራፍ 51 የተጠቀሰው ብል ይህ ራሱ ሳይሆን ከዘመዶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ኢሳይያስ በዚያው ምዕራፍ የበግ ጠጉር የሚበላ ትልንም አንስቷል።

ቁም ሳጥን ከመሠራቱ በፊት የዚህ ቤተሰብ መኖሪያ የወፍ ጎጆ፣ የአውሬ ዋሻና የሞተ እንስሳ ሬሳ ነበር። ጅብና አሞራ በልተው ሲጨርሱ ፀጉር፣ ላባና ቀንድ ይቀራል። ያን የሚፈልግ የለም፤ ቶሎም አይበሰብስም። የብል ዘመዶች የሚኖሩት ከዚያ ትራፊ ነው። በአፍሪካ የዱር ሜዳ የሞቱ አጋዘኖችንና ጎሾችን ቀንድ ሰርስሮ የሚበላ አንድ ዘመድ አላቸው፤ ከቀንዱ ላይ ጣት የሚመስሉ ቱቦዎች አውጥቶ ይተዋል። እኛ በግ ሸልተን፣ ፈትለን፣ ሸምነን ሣጥን ውስጥ ስንከት ለብሉ በዱር በመከራ የሚያገኘውን ምግብ አከማችተን፣ ጨለማና ጸጥታ ጨምረንለት ሰጠነው።

ፀጉር እንዴት ይፈጫል?

የበግ ሱፍ፣ የሰው ፀጉር፣ ጥፍር፣ ላባ፣ ቀንድና ሰኮና የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲንማ ሥጋም ፕሮቲን ነው፤ ታዲያ እኛ ሥጋ እየፈጨን ፀጉር ቢገባብን ለምን ሳይፈጭ ይወጣል? ኬራቲን ጎን ለጎን እንደተዘረጉ ብዙ ገመዶች ነው፤ ገመዶቹም በየቦታው አንዱ ከሌላው ጋር ተቋጥረዋል። ቋጠሮው የድኝ ንጥረ ነገር ነው። የእኛ የሆድ ኢንዛይሞች ገመዱን መቁረጥ ይችሉ ነበር፤ ቋጠሮው ግን አያስጠጋቸውም። ከሱፍ ክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ድኝ ነው፤ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ያ ከባድ ሽታ የሚመጣውም ከእሱ ነው።

የብል እጭ ቋጠሮውን ይፈታል። እንዴት እንደሚፈታ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካጠኑት መሐል ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ የሠሩት ሊንደርስትሮም ላንግና ዱስፒቫ ይገኙበታል። ካርልስበርግ ያው የቢራው ካርልስበርግ ነው፤ ፋብሪካው ያቋቋመው ቤተ ሙከራ በፕሮቲን ምርምር ስሙ የታወቀ ነው። የእጩ የመካከለኛው አንጀት ክፍል ከእኛ ጨጓራ ተቃራኒ ነው፤ አሲድ ሳይሆን ብርቱ አልካሊ ነው፤ ኦክስጅንም የለበትም ማለት ይቻላል። በዚያ ሁኔታ የድኙ ማሰሪያ ይላላል። ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ ኬራቲን እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። ውኃም ፈልጎ አይወጣም፤ የሚያስፈልገውን ከምግቡ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ደረቅ ሣጥን ውስጥ ለወራት ተዘግቶበት የሚኖረው።

ቀለሙን ግን አይፈጭም። ቀይ ሹራብ የበላ እጭ ኩሱ ቀይ ነው፤ ሰማያዊ ምንጣፍ የበላ ሰማያዊ ይጥላል። ልብስ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ፣ ቀለሙ ከልብሱ ጋር አንድ የሆነ ነገር ካዩ አቧራ ነው ብለው አይለፉት።

ወደ ቡናማው ዘመድ ልጅ እንመለስ። ይህ እጭ ከሚበላው ሱፍ ክር እየቆረጠ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ ትንሽ ከረጢት ለራሱ ይሠራል፤ በሄደበት ሁሉ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ከአንደኛው ጫፍ ራሱን አውጥቶ ይበላል። ሲያድግ ከረጢቱ ይጠበዋል። ያን ጊዜ አውልቆ አይጥለውም፤ ጎኑን ሰንጥቆ በተሰነጠቀው ላይ አዲስ ይጥፍበታል። ይህን በትዕግሥት ተከታትሎ የጻፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው ሬኦሚር ነው። እጮቹን ቀለሙ ከተለያየ ሱፍ ወደ ሱፍ እያዛወረ ከረጢታቸው ዥንጉርጉር እየሆነ ሲሰፋ አየ፤ ከየትኛው ጫፍና ከየትኛው ጎን እንደሚሰፋም ከቀለሙ አወቀ። እኔ ስለ ነፍሳት ካነበብኳቸው ሙከራዎች ይህን ያህል በትንሽ ወጪ ብዙ ያስተማረ አላጋጠመኝም።

ላቡ ነው የሚጠራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ንጹሕ ሱፍ ለብል ድሃ ምግብ ነው። ኬራቲን ብቻውን እጩ ለማደግ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ቢ እና ጨዎች አይሰጠውም። ተመራማሪዎች በደንብ የታጠበ ሱፍ ሲሰጡት ይቀጭጫል፤ እድገቱ ይጎተታል። የጎደለውን የሚያሟላው እኛ ልብሱ ላይ የምንተወው ነገር ነው፤ ላብ፣ የገላ ቅባት፣ የወደቀ ወጥ፣ የፈሰሰ ሻይ፣ የሕፃን ሽንት። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ በዘፈቀደ አይወጡም። ኮሌታው፣ ብብቱ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የሱሪው እግር መሐል፣ የኪሱ ውስጥ፤ ሰውነት የነካውና እጥፋት የሸፈነው ቦታ ቀድሞ ይበላል። ለሰርግ አንድ ቀን ተለብሶ፣ ተጨፍሮበት፣ «ገና አዲስ ነው» ተብሎ ሳይታጠብ የተሰቀለው ሙሉ ሱፍ ለብል ከሁሉም የተመቸ ነው። በየቀኑ የሚለበሰው አሮጌ ኮት ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ይራገፋል፣ ብርሃን ያገኘዋል፣ እጩ ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ፋታ የለውም።

ከዚህ ሌላ ነገር ይከተላል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታ፣ ቡሉኮና የሀበሻ ቀሚስ ጥጥ ናቸው። ጥጥ ኬራቲን የለውም፤ የተክል ክር ነው። ብል ጥጥ በልቶ አያድግም። ወጥ ወይም ቅቤ የነካው ጥጥ ላይ እጩ እድፉን ሲግጥ ክሩን ሊቆርጥ ይችላል፤ ያ ግን ሲያልፍ የሚያደርገው ነው። ጋቢዎ ሣጥን ውስጥ ተቀዶ ከተገኘ አይጥን፣ በረሮን ወይም ምስጥን ይጠርጥሩ። ብዙ እናቶች ለዓመታት በየነጠላው እጥፋት ናፍታሊን ሲከቱ ኖረዋል፤ በነጠላው ላይ ያልተነሣ ጠላት ሲከላከሉ ማለት ነው።

በቤታችን በእውነት አደጋ ላይ ያለው የመንዝ ባናና በርኖስ፣ ካፖርት፣ ሹራብ፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ የላባ ትራስ፣ ለምድ፣ የፈረስ ጭራ፣ የአንበሳ ጎፈር ነው። ፒያኖ ያለው ቤትም ይጠንቀቅ፤ መዶሻዎቹ የተለበጡበት ፌልት የበግ ፀጉር ነው፤ ብል ይወደዋል። ሐርንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ የተሸመነ ናይለን ወይም ፖሊስተርም ሱፉን ሲበላ አብሮ ይቆረጣል።

ገበያ ላይ ሱፍ ተብሎ የሚሸጠው ሙሉ ልብስ ሁሉ ግን የበግ ፀጉር አይደለም፤ አብዛኛው ርካሹ ፖሊስተር ነው፤ ብል ከፖሊስተር የሚያገኘው ነገር የለም። ለመለየት ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር ይምዘዙና በመቆንጠጫ ይዘው በክብሪት ይሞክሩ። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ጥጥ ቦግ ብሎ እንደ ወረቀት ይነዳል። ሱፍ በዝግታ እየተጨማደደ ይቃጠላል፤ እሳቱን ሲያርቁት ይጠፋል፤ አመዱ በጣት ሲነኩት ይደቃል፤ ቤቱም የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ያ ሽታ ቀደም ብለን ያወራነው ድኝ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

ብል ወደ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባው በልብስ ነው። የሳልባጅ ቦንዳ፣ ከውጭ በዘመድ የተላከ ያገለገለ ካፖርት፣ ከአያት ቤት የመጣ ምንጣፍ፤ እነዚህን ፈትሾ ማስገባት ከገባ በኋላ ከማሳደድ ይቀላል። ጣራ ሥር የተተወ የወፍ ወይም የእርግብ ጎጆም ካለ መነሣት አለበት።

የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ በጨርቁ ላይ የተዘረጋ ነጭ የድር ቧንቧ፣ በውስጡ የታሠሩ የኩስ ቅንጣቶች፣ ላዩ የተላጨ ቦታ። ቀዳዳ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ወፍራም ጨርቅ ላይ እጩ መጀመሪያ የላዩን ለስላሳ ፀጉር ይግጣል፤ ጨርቁ የሳሳ መንገድ ያወጣል። ድር ሳይኖር ቀዳዳ ብቻ፣ አጠገቡም ጭረት ያለው ፀጉራም ባዶ ቆዳ ካገኙ ጥፋተኛው የምንጣፍ ጥንዚዛ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም።

ምንጣፍ ላይ ሲፈልጉ መሐሉን ይተዉት። ሰው የሚረግጠው ቦታ ይድናል። ሶፋውን ገፍተው ከሥሩ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ገልብጠው ከግድግዳው አጠገብ ይመልከቱ። ወለሉ ሁሉ በምንጣፍ በተሸፈነ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ምንጣፉ ሱፍ ከሆነ፣ የሚበላው የምእመናን እግር የማይደርስበት ጥግ ነው።

ሽታ፣ ጭስ፣ ናፍታሊን

ልብስ በዕጣን ማጠን ያማረ ልማድ ነው፤ ለሽታው ብለው ቢያደርጉት የሚከለክል የለም። ጭሱ የሚበረውን ለጊዜው ያሸሸው ይሆናል፤ ስፌት ውስጥ ተሸጉጦ የሚበላውን ትል አይገድልም። ፍሊትም ያገኘውን ይገድላል፤ እጩ ግን በድሩ ተሸፍኖ ይቆያል። አሜሪካኖች ለሱፍ ልብስ ማስቀመጫ የሚወዱት ቀይ ሴዳር የሚሉት እንጨት በእውነቱ የጥድ ዘር ነው፤ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ። ዘይቱ ትኩስ ሳለ፣ ሣጥኑም በደንብ ከተዘጋ፣ ገና የተፈለፈሉትን እጮች ይጎዳል። ያደጉትን አይበግራቸውም፤ ሽታውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ይከዳል።

ናፍታሊን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን እኛ በምንጠቀምበት መንገድ አይደለም። የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ጋዙ እንዲገድል ሣጥኑ አየር የማያስወጣ ሆኖ ብዙ ናፍታሊን ለሳምንታት መቆየት አለበት። በሩ በየቀኑ የሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ነጭ ኳስ ጣል ማድረግ ብሉን አይገድልም፤ የቤቱን ሰው ግን ያሸትተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ናፍታሊንን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የናፍታሊን ኳሶችን ከገበያ አስወጥቷል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በሕፃናት ላይ ነው። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ቤተሰቡ ሳያውቀው። እነዚህ ልጆች ናፍታሊን ሲገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል፤ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ በአራሶች ላይ አንጎልን እስከመጉዳት፣ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። የሚገባባቸውም በመዋጥ ብቻ አይደለም፤ በናፍታሊን የቆየ ልብስና ብርድ ልብስ ሲለብሱ በመተንፈስና በቆዳ ይገባል። ቅባት የተቀባ ገላ ደግሞ ይበልጥ ይስበዋል። ከታላቅ ወንድሙ የተረፈው የአራስ ልብስ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ናፍታሊን አይጨመርበት። አብዛኛው ጥጥ ስለሆነ ብል አይፈልገውም። እስካሁን ተጨምሮበት ከነበረ ልጁ ከመልበሱ በፊት ደጋግመው ይጠቡት፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ውጭ ያስጡት። ኳሱ ከረሜላ ስለሚመስል ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ጨርሶ ባይኖር ይሻላል።

በነገራችን ላይ ዲዲቲ የተገኘው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሥራ ነው። የስዊዘርላንዱ ጋይጊ ኩባንያ ሱፍን ከብል የሚከላከል ኬሚካል ሲፈልግ ኖሯል፤ የኩባንያው ኬሚስት ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት አገኘ። በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኛ አገር ዲዲቲን የምናውቀው በወባ ርጭት ነው።

እጅ፣ ፀሐይ፣ በረዶ

ሱፍ ልብስ ሊቀመጥ ሲል ይታጠብ ወይም ላውንደሪ ይላክ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይዘጋ። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ብዙ ነው። የቆሸሸ ካፖርት ዚፕ ባለው ሽፋን ውስጥ ሲዘጉት፣ እንቁላል ካለበት፣ ብሉን ከምግቡ ጋር ከነላቡ ቆለፉበት ማለት ነው።

መስከረም ሲጠባ ሣጥን አራግፎ ልብስ ፀሐይ የማስጣት ልማድ ከናፍታሊን የበለጠ ጥበብ ነው። ብርሃኑ እጩን ከእጥፋቱ ያስወጣዋል። ኮሌታውን፣ ስፌቱንና ኪሱን ገልብጠው በጠንካራ ብሩሽ ሲቦርሹ የተጣበቀው እንቁላል ይላቀቃል፤ ድሩም ይበጣጠሳል። ውጭ ይቦርሹት፤ ቤት ውስጥ ከሆነ የወረደው እዚያው ይቀራል። የቁም ሳጥኑን ጥግና የወለሉን ስንጥቅ ይጥረጉ፤ ቫኪዩም ካለዎት ከሶፋው ሥር ይጀምሩ፤ የሰበሰበውንም ያን ቀን ከቤት ያውጡ። እንዲያ ያለ ሥራ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ብዙ ቤት ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ሙቀትም ይገድላል። 55 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል በጨርቁ ውስጥ ሁሉ ከደረሰ ከእንቁላል እስከ ክንፍ የሚተርፍ የለም። በእንፋሎት ካውያ የተተኮሰ ስፌትም ካውያው ባረፈበት ቦታ ይጸዳል። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላይ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ሹራብ እዚያ ሊደርስ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ ግን አይተማመኑ። በሙቅ ውኃ መንከርም አይሞከር፤ ሱፍ ይኮማተራል።

አስተማማኙ ፍሪዘር ነው። የደረቀውን ልብስ ፌስታል ውስጥ ይክተቱ፤ አየሩን አስወጥተው አጥብቀው ይቋጥሩ፤ ዜሮ ከሚለው በታች በ18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን እንደ አዲስ ይቁጠሩ። ሲያወጡት ቶሎ አይፍቱት፤ የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ታስሮ ይቆይ። አለዚያ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዝና ልብሱ ይረጥባል። የሳልባጅ ሹራብ ሲገዙ መጀመሪያ በዚህ በኩል ቢያልፍ ጥሩ ነው።

የሴቷን ሽታ አስመስለው የተሠሩ ማጣበቂያ ወጥመዶች በውጭ አገር ይሸጣሉ። የሚይዙት ወንዱን ብቻ ስለሆነ ብል መኖሩን ለማወቅና የት እንደበዛ ለመለየት ይረዳሉ፤ ችግሩን አያጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ ቅርስ ጥበቃ ድርጅት ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ጎብኚዎች ወጥመዶችን በነጻ ወስደው በየቤታቸው እንዲያስቀምጡና ውጤቱን እንዲልኩለት አድርጎ ነበር። ናሽናል ትረስት የተባለው ሌላው ድርጅት ደግሞ ኖርፎክ በሚገኘው ብሊክሊንግ ሆል ጥቃቅን ተርቦችን ሞክሯል። የተርቦቹ ቁመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሴቶቹ እንቁላላቸውን በብሉ እንቁላል ውስጥ ይጥላሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ተርብ እንጂ ብል አይሆንም። ለአንድ ቁም ሳጥን ይህን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

ሊታጠቡ የማይችሉ ዕቃዎች ይቀራሉ፤ ከአባት የወረደ ለምድ፣ ጎፈር፣ ያረጀ በርኖስ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ በየጊዜው አውርደው ጀርባቸውን ያራግፉ፤ ብሉ የሚሰፍረው ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው በኩል ነው። የሚቀመጡ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዱ፣ በፍሪዘሩ ይለፉ፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ አቡጀዴ ይጠቅለሉና ጠርዙ ይሰፋ። አቡጀዴ ጥጥ ነው፤ ያስተነፍሳል፤ ሴቷም በስፌቱ ገብታ እንቁላል የምትጥልበት ክፍተት አታገኝም። የተሰፋበትን ቀን በእርሳስ ጨርቁ ላይ ይጻፉበት፤ ዓመት ሳይሞላው ፈትተው ይመልከቱት።